ጥርባ ላይ ራሱ የተፈተነው ፈተና

ጥርባ የት ናት ብላችሁ ደብረ ማርቆስ ላይ አስር ሰው ብትጠይቁ ዘጠኙ አያውቅም፤ አስረኛው አውቃለሁ ብሎ ይዋሻል። እኔም እስካለፈው ሰኔ ድረስ ከዘጠኙ አንዱ ነበርኩ። አሁን ሄጄ፣ ጭቃዋን ረግጬ፣ አንድ እግር ጫማዬን አበድሬያት ተመልሻለሁ። እናንተ እንደማትሄዱ ስለማውቅ ቀን በቀን እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልናገር። የምሠራው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው፤ ደብዳቤ መገልበጥ ሥራ ከተባለ። ጽሑፌ ያምራል፣ ሌላ ነገር የለኝም። ከስምንተኛ ክፍል ያስወጣችኝ አንዲት ፈተና ናት። እንግሊዝኛው ላይ ስለ ሊፍት የሚያወራ ምንባብ መጣ። ማርቆስ ላይ ፎቅ ቢባል ቢባል ሁለት ደረጃ ነው፤ ሊፍት ሰው ይሁን ከብት ሳላውቅ መለስኩ፣ ወደቅሁ። ከዚያ ወዲህ ፈተና የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

አንድ ቀን አለቃዬ ጠሩኝ። «አንዷለም፣ ከአዲስ አበባ አቶ ኃይሉ የሚባሉ መርማሪ መጥተዋል። አገው ምድር ለገበሬው የሚሰጠው የፊደል ትምህርት ሁለት ዓመት ሞላው። ጠቀመ ወይስ አልጠቀመም የሚለውን እንዴት እንደምንመረምር እቅድ ያወጣሉ። አንተ ትጽፍላቸዋለህ።»

«ሲመረመር ወድቆ ቢገኝስ ጌታዬ?»

«እቅዱ መጀመሪያ የሚሞከረው ጥርባ ባለው ክፍል ነው። ጥርባ ካለፈ ይቀጥላል። ከወደቀ ይዘጋል፣ ሌሎቹም ይከተሉታል። አንተን ግን ጻፍ ነው ያልኩህ፣ ጠይቅ አላልኩህም።»

ሰኔ አስር፣ ሰኞ። በኤንትሬ ጭነት መኪና ተነሳን። አቶ ኃይሉ ጋቢና ገቡ፣ እኔ ላይ፣ ጨው በያዘው ጆንያ ላይ። አቶ ኃይሉ ቀጭን፣ ሱፍ ለባሽ፣ ጃንጥላቸውን እንደ መስቀል የሚይዙ ሰው ናቸው። አንድ ካርቶን አስታቀፉኝ። ውስጡ በስቴንስል የተባዛ የፈተና ወረቀት ነው፤ አዲስ አበባ የተዘጋጀ። «ነፍስህን ጣል፣ ይህን አትጣል» አሉኝ። ደምበጫ ስንደርስ ሰማዩ ተቀደደ። ሸራው ከእኔ ራስ በላይ እንደ ወንፊት ነው። ነፍሴንም ካርቶኑንም አልጣልኩም፤ ሁለታችንም እኩል ራስን።

ቡሬ አደርን። የቡሬ ሽሮ ከማርቆስ ሽሮ ይወፍራል፤ አልጋው ግን ከማርቆስ አልጋ ይቀጥናል። አንዱን ባንዱ ካካስኩት ትርፍና ኪሳራ የለብኝም።

ማክሰኞ። ማርቆስ ይበርዳል የሚል ሰው እንጅባራን ያላየ ነው። ከቡሬ ወጥተን ዳገቱን ስንይዝ ጉም ወርዶ መንገዱን ዋጠው። ሹፌሩ ራሱን በመስኮት አውጥቶ ነው የሚነዳው። ጎማው ጭቃ ገብቶ ሲቀር ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ገፋ፤ አቶ ኃይሉም ወረዱ፣ በጃንጥላቸው ጫፍ እየጠቆሙ «እዚህ ጋ ግፉ» አሉን። ጥርባን በጉሙ ውስጥ ሳናያት አለፍናት። ክፍሉን የሚያስተምረው ሰው ነገ እንጅባራ ድረስ መጥቶ ይወስደናል ተብሏል።

እንጅባራ ሁሉ ነገር ቀርከሃ ነው። አጥሩ ቀርከሃ፣ ወንበሩ ቀርከሃ፣ አልጋው ቀርከሃ፣ ያረፍንበት ቤት የዶሮው ቆጥ ሳይቀር ቀርከሃ። እኛ ማርቆስ ለአንድ ወንበር አናጢ ስንለምን ሦስት ወር እንኖራለን፤ እዚህ ሰውዬው ጓሮው ገብቶ ቆርጦ ይወጣል።

ካርቶኑን ስንከፍተው ሰማያዊው ቀለም ፈሶ ወረቀቱ ሁሉ አንድ ላይ ተጣብቋል። አቶ ኃይሉ ራሳቸውን ያዙ። የቤቱ ባለቤት፣ ወፍራም ሳቂታ ሴትዮ፣ እሳት ዳር ልታደርቀው ወሰደችና አገላብጣ አየችው። «ጌታው፣ ይሄ ፈተና ነው ያሉኝ?»

«አዎ እመቤት።»

«እንግዲያ ተፈትኖ ወድቋል።»

እኔ ከልቤ ሳቅሁ። አቶ ኃይሉ አልሳቁም። ያ ሁሉ ሆኖ ሴትዮዋ ደረቅ ጋቢ አውጥታ ለየብቻ አለበሰችን፣ ልብሳችንን ስታደርቅ ዋለች፣ ስንወጣም የተጠበሰ ገብስ ቋጥራ ሰጠችን።

ረቡዕ፣ ሰኔ ሚካኤል። መምህር ስንሻው ፈረስና በቅሎ ይዞ መጣ። የቤተ ክህነት ተማሪ የነበረ፣ አንድ እግሩን የሚያነክስ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ፈረሱን ለአቶ ኃይሉ፣ በቅሎዋን ለጓዛቸው። እኔ በእግሬ። የአገው ፈረስ ጭቃ አይፈራም፣ አቶ ኃይሉ ግን ይፈራሉ፤ ቁልቁለቱ ላይ አንገቱን አቅፈው ነው የወረዱት። እኔ ደግሞ ማጥ ውስጥ ገባሁና ቀኝ ጫማዬ እዚያው ቀረ። ክንዴን እስከ ብብቴ ከትቼ ፈለግሁት፤ የለም። ስንሻው «ጥርባ እንግዳዋን እንዲህ ነው የምትቀበለው» አለኝ በቀስታ። መንደሯ አጠገብ ሐይቅ አለ፤ ጫፉ ላይ ቆመን አየነው፤ ጠቁሮ፣ ጸጥ ብሎ፣ እንደ ትልቅ ገበታ ተቀምጧል። ማርቆስ ላይ ይህ ቢኖር ስንት ሰው ዙሪያውን ቆሞ ያወራበት ነበር። እዚህ አንዲት ላም ብቻ ታየዋለች።

ለምን በበዓል ቀን መጣን ትሉ ይሆናል። በበዓል ሞፈር አይነካም። ስለዚህ የጥርባ ሰው ፊደል የሚማረው በሚካኤል፣ በኪዳነ ምሕረት፣ በማርያም፣ በእሑድ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላው ጠላውን ሲጠጣ እነዚህ ከቅዳሴ ወጥተው ክፍል ይገባሉ። ክፍሉንም በወንፈል ነው የሠሩት፤ ዛሬ ያንተን እርሻ፣ ነገ የኔን እንደሚባለው፣ አንድ ሳምንት ደግሞ «የፊደሉን ቤት» ብለው ተባብረው ቀርከሃውን ገጥመው አቆሙት።

ሃያ ሦስት ሰው ተቀምጧል። ከፊት፣ በርጩማ ላይ፣ አያ ይግዛው፤ ስድሳን የተሻገሩ፣ ነጭ ጺም፣ የአገሩ ሽማግሌ፣ እኛም የምናርፈው እሳቸው ቤት ነው። ከኋላ ከሴቶቹ መካከል ባለቤታቸው ወይዘሮ ውዴ። በየጭኑ ላይ ትንሽ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ። አብዛኛው ቤቱ አገውኛ ነው የሚናገረው፤ ፊደሉን የተማረው በአማርኛ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። እኔ በእናቴ ቋንቋ ተምሬ ወድቄያለሁ።

ወረቀቱ ስለተበላሸ አቶ ኃይሉ ያስታወሷቸውን ጥያቄዎች ትልቁ ሰሌዳ ላይ ጻፉ። የመጀመሪያው፦ በኢትዮጵያ ከሁሉ የሚረዝመው ተራራ ማን ይባላል?

ማንም ጠመኔ አላነሳም። ሁሉም አያ ይግዛውን ያያል። አያ ይግዛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይኼ ምን ይጠየቃል ጌታው! ጮቄ ነዋ!»

ጠመኔው ሁሉ ባንዴ ተንጫጫ።

«መነጋገር ክልክል ነው!» አሉ አቶ ኃይሉ።

«አልተነጋገርንም» አሉ አያ ይግዛው። «እኔ ብቻ ነኝ የተናገርኩት።»

ሁለተኛው፦ የባሕር ውኃ ለምን ጨው ሆነ? አያ ይግዛው አሰቡና «ባሕር አላየሁም። ያላየሁትን አልናገርም» አሉ። ሃያ ሦስቱም ሰሌዳ ባዶ ቀረ። ሦስተኛው፦ እንቁላል ለሰውነት ምን ይጠቅማል? አያ ይግዛው ተቆጡ። «ዛሬ ረቡዕ መሆኑን እያወቁ እንቁላል ያነሳሉ? አይበላም!» ሃያ ሦስት ሰሌዳ፦ አይበላም።

አቶ ኃይሉ ሰሌዳዎቹን አንድ በአንድ አዩ፤ ፊታቸው እንደ ሰማዩ ጠቆረ። «ዜሮ» አሉኝ በጆሮዬ። «ሁሉም ዜሮ። ደግሞም እርስ በርስ ይገለብጣሉ። ጻፍ።»

መምህር ስንሻው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሁለት ዓመት የለፋበት ነገር ፊቱ ሲፈርስ ያያል። እኔ ሰሌዳዎቹን ስሰበስብ ነው አንድ ነገር የመታኝ። ጮቄ፣ ጮቄ፣ ጮቄ፣ ጮቄ። ሃያ ሦስት ጮቄ፣ ሁሉም በየእጁ ጽሑፍ፣ አንዱም ፊደል ያልጎደለው። ከሁለት ዓመት በፊት እነዚህ ሰዎች ጠመኔ ይበላ ይሁን ይጫር አያውቁም ነበር።

አያ ይግዛው ቤት የተልባ ፍትፍትና ጎመን ቀረበ። ቅቤው በቅል ሆኖ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ከላይ ያየኛል፤ ጾም ነው። ወይዘሮ ውዴ ባዶ እግሬን አይታ እሷ የምትለብሰውን የዝናብ ገሳና የባሏን አሮጌ ሸራ ጫማ አመጣችልኝ። ጫማው ሁለት ጣት ይበልጠኛል፣ ግን ሁለት እግር ነው።

ሐሙስ። ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ቤት ተዘግተን ዋልን፤ አቶ ኃይሉ፣ እኔ፣ ስንሻው። አያ ይግዛውና ውዴ ይገባሉ ይወጣሉ። ውዴ ትኩስ ቅቅል ድንች በሰፌድ አቀረበች። ማርቆስ ላይ ድንች ምን ጊዜም ወጥ ውስጥ ነው የማውቀው፤ እዚህ ተልጦ፣ ጨውና ሚጥሚጣ ነክቶ፣ እንደ ዳቦ ይበላል። አንዱን ስጨርስ ሌላ ትልጥልኛለች።

ባልና ሚስቱ ወጣ ሲሉ ጀመርኩ።

«ጌታዬ፣ ትምህርቱ ምን ነበር ያስተማራቸው?»

«ፊደል።»

«እርስዎስ ምን ጠየቁ?»

ድንቻቸውን ሚጥሚጣ ነከሩ።

«ተራራ ነው የጠየቁት። ባሕር ነው የጠየቁት። ጤፍ ዘርቶ ገብስ የሚያጭድ ሰው አለ?»

«አንተ ስንተኛ ክፍል ነህ?»

«ስምንተኛ ላይ የወደቅሁ። ለዚህ ነው የማውቀው። ያለፈ ሰው ፈተናን ዞሮ አያየውም፤ የወደቀ ግን ከፊትም ከኋላም አገላብጦ ያውቀዋል።»

«ሁሉም አንድ መልስ ጻፉ። ይህ መገልበጥ ካልሆነ ምንድን ነው?»

ያን ጊዜ የስንሻውን ድምፅ ሰማን። «ጌታው፣ መገልበጥ አይደለም። እዚህ አገር ትልቅ ሰው ተቀምጦ ታናሽ አይቀድምም። ትልቁ ከተሳሳተም በሰው ፊት አይታረምም፤ ማምሻው ላይ ቤቱ ሄደው ቀስ ብለው ይነግሩታል። ሌላ መልስ ቢጽፉ አያ ይግዛውን ማዋረድ ነው። ስለዚህ ሁሉም አብረው ተሳሳቱ።»

«ይህን ትናንት ለምን አልነገርከኝም?»

«እርስዎም ትልቅ ሰው ነዎት።»

በልቤ አጨበጨብኩ። አቶ ኃይሉ ግን ግትር ናቸው። የመጣሁት ለማየት ነው፣ ያየሁት ይህንኑ ነው አሉና ረቂቁን አስጻፉኝ፦ የጥርባ ትምህርት ፍሬ አልሰጠም። ይዘጋ። እኔ ተናደድኩ፤ ተናድጄም እንደ ሕፃን መማሪያ ትልልቅና ግልጽ አድርጌ ጻፍኩት፣ ሲያዩት እንዲያፍሩ። ውዴ ገብታ ሌላ ድንች ልጣ አቶ ኃይሉ እጅ ላይ አኖረች። «ይብሉ ጌታው፣ ከሥራው በፊት ይብሉ» አለቻቸው። በሉ። ግን አቀርቅረው ነው የበሉት።

እኔም ያችን ሰዓት ያዝኳት። «ጌታዬ፣ ረቂቁን የምናቀርብላቸው የዳንግላው የአውራጃ ሹም እስከ ሰኞ የሉም። ሦስት ቀን አለን። እነዚህን ሦስት ቀን እቅዱን እኔ ላውጣው። ከተሳሳትኩ ሻንጣዎን ከዚህ እስከ ዳንግላ በራሴ ተሸክሜ በእግሬ እሄዳለሁ፣ በዚህ በሁለት ጣት በሚበልጠኝ ጫማ።»

ጃንጥላቸውን ተመለከቱ። «ሻንጣው ከባድ ነው» አሉ።

«አውቃለሁ። ከማርቆስ ጀምሮ እኔ ነኝ የማነሳው።»

ዓርብ። ወንዙን ተሻግረን ክፍል ያልተከፈተበት መንደር ሄድን፤ ይህ የመጀመሪያው ሐሳቤ ነበር። «የተዘራውን ማሳ ለማወቅ ያልተዘራውን ማየት አለብን» አልኳቸው። አቶ ኃይሉ የእርሻ ነገር ስነግራቸው ይገባቸዋል፤ ልጅነታቸው መንዝ ነው። ያገኘነውን ሰው ሁሉ ስሙን መሬት ላይ በእንጨት እንዲጽፍ ጠየቅነው። ከሽማግሌ እስከ ጎረምሳ ብዙ ሰው ጠየቅን፤ ከቄሱ በቀር የጻፈ የለም። አንዱ ጎረምሳ «ስሜን እናቴ ታውቀዋለች፣ መጻፍ ለምን?» አለኝ። ሌላው ግን ከኋላችን ተከትሎ ወንዙ ድረስ መጣ። «እዚያ ማዶ የሚያስተምሩት እኛንም ይቀበሉናል?» አለ። አቶ ኃይሉ ዞር ብለው ሐይቁን አዩ። ከዚያ ማስታወሻቸውን አውጥተው ራሳቸው ጻፉ። ከማርቆስ ከተነሳን ወዲህ እጃቸው ብዕር ሲይዝ መጀመሪያ ያየሁት ያኔ ነው።

ቅዳሜ። አዲስ ቅዳም ገበያ። ጭነት መኪና ላይ ከበግና ከከሰል ጋር ተሳፍረን ደረስን። የማርቆስ ገበያ ሰፊ ነው ብዬ እኮራ ነበር። የአዲስ ቅዳም ደግሞ ጠባብ ሆኖ ሁሉንም ይይዛል፤ ከሰል፣ ገብስ፣ ማር፣ የቀርከሃ ቅርጫት ከሰው ራስ በላይ ተደርድሮ። ወይዘሮ ውዴ ቅርጫት ልትሸጥ ቀድማን መጥታለች። አቶ ኃይሉን ከከሰሉ ጆንያ ጀርባ አቁሜ «ዝም ብለው ይዩ» አልኳቸው። ምን እንደሚያዩ እኔም አላውቅም ነበር፤ ግን ፊደል ከጠቀመ የሚጠቅመው ገበያ ላይ ነው ብዬ አስቤያለሁ።

ሰዓት አልፈጀም። አንድ ገበሬ የፍርድ ቤት መጥሪያ ይዞ ጥላ ሥር ለተቀመጠው ደብዳቤ ጻፊ ያስነብባል። ጻፊው ቸኩሏል፣ ተራ ብዙ ነው። «ረቡዕ ቅረብ ይልሃል፣ ሂድ» አለው። ገበሬው ወረቀቱን አጥፎ ውዴ ፊት ሲያልፍ አስቆመችው።

«አያ፣ እስቲ ስጠኝ።»

«አንቺ ምን ልታደርጊው?»

«ልየው ነዋ።»

ጣቷን ከፊደል ፊደል እያሳለፈች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ቀስ ብላ ሄደች። «ሰኞ ነው የሚለው። ረቡዕ አይደለም። ረቡዕ ብትሄድ በሌለህበት ተፈርዶብህ ታገኘዋለህ።»

ሰዎች ተሰበሰቡ። ጻፊው ከጥላው ሥር ተነስቶ መጣ። «ቅርጫት ሻጭ ሆና ነው የምታርመኝ?»

«ቅርጫት ሻጭ ሆኜ ሰኞን አውቃለሁ፤ አንተ ጻፊ ሆነህ ካላወቅህ ና ጥርባ፣ በኪዳነ ምሕረት እናስተምርሃለን።»

ገበያው ሳቅ በሳቅ ሆነ። ጻፊው ወረቀቱን ወስዶ አየና ቀላ። ሰኞ ነው። አቶ ኃይሉ ከከሰሉ ጀርባ ወጡ፣ ሱፋቸው ግማሽ ጥቁር ሆኗል።

«ረቡዕ ዕለት ይህች ሴት እንቁላል አይበላም ብላ ነው የጻፈችው» አሉ።

«ረቡዕ ዕለት ባሏ ከፊት ተቀምጠው ነበር። ዛሬ የሉም።»

ስንመለስ መኪና ላይ እስከ እንጅባራ የሱፋቸውን ከሰል ሲያራግፉ ነበር። እንጅባራ ስንደርስ «ነገ እንዴት ነው የምትጠይቃቸው?» አሉኝ። የምትጠይቃቸው ነው ያሉት እንጂ የምጠይቃቸው አላሉም።

እሑድ፣ ኪዳነ ምሕረት። ሰዉ ከቅዳሴ ሲወጣ አያ ይግዛው ዘንድ ቀርቤ እጅ ነሳሁ። «አያ፣ ዛሬ እርስዎ ዳኛ ነዎት። ከጌታው ጎን ይቀመጣሉ። ዳኛ ይሰማል እንጂ አይመልስም።»

አሰቡበት። «ይኼ የተገባ ነው» አሉ። ካባቸውን አስተካክለው ጠረጴዛው ጋ ተቀመጡ።

ከዚያ ከታናሽ ጀምረን አንድ በአንድ፣ ሌላው ሳይሰማ፣ ከአጥሩ ዳር። ተራራ የለም፣ ባሕር የለም። ስምህን ከነአባትህ ጻፍ። ይህን መጥሪያ አንብብ፣ መቼ ነው የሚጠሩህ? የማኅበራችሁ የተራ ዝርዝር ይኸው፣ በሚቀጥለው ወር የሚደግሰው ማን ነው? ስንሻው ይጠራል፣ እኔ እጠይቃለሁ፣ አቶ ኃይሉ ይጽፋሉ። አዎ፣ እሳቸው። ከሃያ ሁለቱ አስራ ዘጠኙ ሦስቱንም ሠሩ። አንዱ ዝርዝሩን ሲያነብ ቆሞ «ኧረ እኔ ነኝ! ለካ ተራው የኔ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ሚስቱ ገና ጠላ አልጠነሰሰችም።

«ሦስቱስ?» አሉ አቶ ኃይሉ።

«ይጻፉ። አንዱ ታሞ ስድስት ወር ቀርቷል፣ ሁለቱ ማየት ያስቸግራቸዋል። ለምን እንዳልቻሉም ይጻፍ። የወደቀን ሰው ምክንያቱን ሳይጠይቁ ካባረሩት እንደኔ ምላሱ ብቻ ይረዝማል።»

ሳቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው፤ ጥርሳቸው ያምራል።

ሥራው አለቀ ስንል አያ ይግዛው ጠረጴዛውን በጣታቸው መቱ። «እኔስ? እኔን ማን ይፈትነኛል? ሁለት ዓመት የተማርኩት ለዳኝነት ነው?»

አቶ ኃይሉ መጥሪያውን ሊፈልጉ ወረቀቶቻቸውን ሲያገላብጡ ሽማግሌው አንዱን ሳብ አደረጉት። «አይድከሙ ጌታው፣ ይኼም ወረቀት ነው። ደግሞ ጽሑፉ ያምራል።»

የሐሙሱ ረቂቅ ነው። የኔ ትልልቅ ጽሑፍ። ልነጥቃቸው እጄን ዘረጋሁ፣ ግን ማን ከአያ ይግዛው እጅ ይነጥቃል? ከፍ አድርገው ይዘው፣ ሃያ ሁለቱ ሰው እየሰማ፣ ጀመሩ።

«የ… ጥር… ባ… ትም… ህርት… ፍሬ… አል… ሰጠም።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ይ… ዘ… ጋ።»

ከኋላ የውዴ ድምፅ መጣ፤ «ምኑ ነው የሚዘጋው?»

አያ ይግዛው ወረቀቱን ሳይለቁ ወደ አቶ ኃይሉ ዞሩ። «ጌታው። ሐሙስ ዕለት ድንች ስንልጥላችሁ ስትጽፉ የነበረው ይህን ነው?»

አቶ ኃይሉ ተነሱ። ኮፍያቸውን አወለቁ። የአዲስ አበባ ሰው ለገበሬ ኮፍያ ሲያወልቅ ማርቆስ ላይ አይቼ አላውቅም። «አዎ አያ ይግዛው» አሉ። «ይህንኑ ነው። አንድ ቃል ሳይስቱ አነበቡት። ፍሬ አልሰጠም የሚለውን ያነበበው ፍሬው ራሱ ነው። የወደቅሁት እኔ ነኝ።» ብዕራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጧቸው።

ሽማግሌው ብዕር ይዘው አያውቁም፣ በጠመኔ ነው የለመዱት። ቀስ ብለው «ይዘጋ» ላይ መስመር ሳቡ። ከሥሩ፣ ምላሳቸውን ነከስ አድርገው፣ ጻፉ፦ አይዘጋም።

እልልታው ሐይቁ ማዶ ሳይሰማ አልቀረም። ስንሻው ግድግዳውን ለቆ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ማነከሱን ለጊዜው ረስቶታል። እኔማ ምን ልበላችሁ፤ ስምንተኛ ክፍልን ያን ቀን ያለፍኩ መሰለኝ።

ማምሻውን እንደ አገሩ ደንብ አያ ይግዛው ቤት ሄጄ ብቻቸውን ሲሆኑ በቀስታ ነገርኳቸው። «አያ፣ ረጅሙ ተራራ ጮቄ አይደለም። ራስ ዳሸን ነው፣ ስሜን ያለው።»

ጺማቸውን ዳሰሱ። «እህ» አሉ ብቻ።

ሰኞ። ዳንግላ። ዳንግላ ከማርቆስ ታንሳለች፣ ግን ማሯ ከማርቆስ ማር ይበልጣል፣ ባሕር ዛፏም ገና ጎረምሳ ነው። መኪና ላይ እቅዱን ጨረስነው። በበዓል ቀን ይሁን፤ ከታናሽ ይጀመር፤ ሽማግሌው ዳኛ ይሁን፤ የተማሩትን እንጂ ያልተማሩትን አይጠየቁ፤ ክፍል ሲከፈት መጀመሪያ ምን እንደሚያውቁ ይመዝገብ፤ ያልተማረ መንደር ጎን ለጎን ይታይ፤ ገበያ ላይ ሳያውቁ ይታዩ፤ ያቋረጠ ሰው ቤቱ ተሄዶ ይጠየቅ። ይህን የመጨረሻውን እኔ ነኝ ያስገባሁት፤ የኔን ቤት የጠየቀ አልነበረም።

የአውራጃው ሹም መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡ፤ የተሰረዘውን ረቂቅም አብረን አያይዘንላቸው ነበር። ብዙ ጊዜ አዩት። «በአውራጃችን ላሉት ክፍሎች ሁሉ በዚህ ነው የምንሄደው» አሉ። «ጥርባም ይቀጥላል። የወንዙ ማዶም ይከፈትለት። ይህን ማን አወጣው?»

አቶ ኃይሉ እኔን ጠቆሙ፣ በጃንጥላቸው ሳይሆን በእጃቸው።

ሹሙ ወደ እኔ ዞሩ። «ስንተኛ ክፍል ነህ ልጄ?»

«ይህ ጥያቄ የሚለካው ምንድን ነው ጌታዬ?» አልኩ።

አቶ ኃይሉ ሳቃቸውን በኮፍያቸው ሸፈኑት። ሹሙ ግን አልሸፈኑትም።

ማክሰኞ። ወደ ቤት። በዚህ ጊዜ ሁለታችንም ጋቢና ነን፤ አቶ ኃይሉ ናቸው «ግባ» ያሉኝ። እንጅባራን አልፈን የጥርባ መንገድ ከዋናው የሚገናኝበት ስንደርስ፣ ዝናብ ውስጥ አንድ ሰው ገሳ ለብሶ መንገድ ዳር ቆሟል። ነጭ ጺም። ሹፌሩን «አቁም» አልነው። አያ ይግዛው በአንድ እጃቸው የጠፋውን ቀኝ ጫማዬን ያዙ፤ ከማጡ አስወጥተው፣ አጥበው፣ አድርቀውታል። በሌላው እጃቸው ሰሌዳቸውን፣ ከዝናቡ እንዲጠለል በገሳው ሥር።

ጫማውን በመስኮት ሰጡኝ። ከዚያ ሰላም እንኳ ሳይሉ ሰሌዳውን አውጥተው ለሁለታችንም አዞሩት። ስለ ራስ ዳሸን ሁለት ቀን ሲያስቡ ከርመዋል። በትልልቅ ፊደል፣ አንዱም ሳይጎድል፣ እንዲህ ይላል፦

ማን ለካው?